በትምህርት ቤት ውስጥ ትንሽ የሥነ ልቦና ጥናት እንዴት ይሠራል? ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ሥነ ልቦና የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ባሕርይ በሥርዓት የሚመረምር ሳይንስ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት የሌለው ሰው አይገኝም፤ ልጅ ለምን እንደሚሰንፍ፣ ተማሪ ያጠናውን ለምን እንደሚረሳ፣ ሰው ለምን እንደሚዋሽ ወላጅም መምህርም ጎረቤትም የየራሱ ማብራሪያ አለው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ከእነዚህ ሁሉ የሚለይበት ነገር አንድ ነው፤ ማብራሪያው ስሕተት ቢሆን ስሕተትነቱ የሚገለጥበትን መንገድ አስቀድሞ ያዘጋጃል። የምርምር ዘዴ የምንለውም ይኸው መንገድ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመት ከሚወስዳቸው የጋራ ኮርሶች አንዱ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ነው። ብዙዎች ለዚህ ኮርስ የሚዘጋጁት የሊቃውንትን ስምና የንድፈ ሐሳቦችን ዝርዝር በመሸምደድ ነው። ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በጀርመን ላይፕዚግ ከተማ የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ እንዳቋቋመ ማወቅ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን አንዲት ትንሽ ጥናት ከጥያቄ እስከ ሪፖርት በእጁ ሠርቶ የጨረሰ ተማሪ መጽሐፉ ውስጥ የሚያገኘውን እያንዳንዱን ግኝት «ይህ እንዴት ታወቀ?» ብሎ መመርመር ይችላል። ስለዚህ ይህ መመሪያ አንድን ጥያቄ ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ጥያቄውም ለማንኛውም ተማሪ ቅርብ ነው፦ ለፈተና ሲዘጋጁ ጽሑፉን ደጋግሞ ማንበብ ይሻላል ወይስ ደብተሩን ዘግቶ ራስን መጠየቅ?

ጥያቄውን ማጥበብ

«የተማሪዎች የማስታወስ ችሎታ» የሚል ርዕስ ይዞ ጥናት መጀመር አይቻልም፤ ምን እንደሚለካ አይናገርምና። ለሥራ የሚሆን ጥያቄ የምንለውጠውን ነገር፣ የምንለካውን ነገርና የምናጠናቸውን ሰዎች በግልጽ ይናገራል። ለምሳሌ እንዲህ ልትጽፉት ትችላላችሁ፦ «የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ከሚያነቡትና አንድ ጊዜ አንብበው በሁለተኛው ዙር ያስታወሱትን ከሚጽፉት መካከል፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ የበለጠ የሚያስታውሱት የትኞቹ ናቸው?» እዚህ ላይ የአጠናኑ ዓይነት ነጻ ተለዋዋጭ ይባላል፤ አጥኚው ራሱ የሚወስነው ነውና። ከሳምንት በኋላ የሚታወሰው ሐሳብ ብዛት ደግሞ ጥገኛ ተለዋዋጭ ነው።

ቀጥሎ ሌሎች በዚህ ጥያቄ ላይ ምን እንዳገኙ ማንበብ ያስፈልጋል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፈጣን፣ ከዚያ በኋላ ግን እየዘገየ የሚሄድ መሆኑን አሳይቷል። ለእኛ ጥያቄ የሚቀርበው ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ነው። ተሳታፊዎቹ 120 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡት ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ 81 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ አንድ ጊዜ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት 75 በመቶውን አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት ወደ 42 በመቶ ሲወርዱ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ ላይ ቆዩ። ደጋግሞ ማንበብ ለጊዜው «ገብቶኛል» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ዕውቀቱ መቆየት አለመቆየቱ የሚታየው ግን ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። ጥናታችሁ የሳምንት ልዩነት የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚያው ቀን ብቻ ብትለኩ ተቃራኒ መደምደሚያ ላይ ልትደርሱ ትችላላችሁ።

ይህን ካነበባችሁ በኋላ መላምታችሁን፣ ማለትም ውጤቱ ምን ይሆናል ብላችሁ የምትገምቱትን፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፣ ቀን አኑሩበት፣ መረጃ መሰብሰብ ሳትጀምሩም ለመምህራችሁ አስረክቡ። ውጤቱን አይቶ መላምትን ማስተካከል ማንንም የሚፈትን ነገር ነው፤ ቀድሞ የተረከበ ወረቀት ግን ያን በር ይዘጋል።

ሙከራ የሚመረጥበት ምክንያት

ሥነ ልቦና ብዙ የጥናት ስልቶች አሉት። ምልከታ ሰዎች በተለመደው ቦታቸው የሚያደርጉትን መመዝገብ ነው፤ ቃለ መጠይቅና መጠይቅ ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚሉትን ይሰበስባሉ፤ የአንድ ግለሰብ ጥናት አንድን ሰው በጥልቀት ይመረምራል፤ የተዛምዶ ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ እንደሆነ ያያል። የትኛው ስልት እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ጥያቄው ነው።

ለእኛ ጥያቄ በጣም የሚያጓጓው ስልት የተዛምዶ ጥናት ነው፤ ቀላል ነውና። «ስታጠኑ ራሳችሁን ትጠይቃላችሁ?» ብሎ በመጠይቅ ሰብስቦ ከሴሚስተር ውጤት ጋር ማስተያየት ይበቃል። ችግሩ ግን ከተዛምዶ ላይ መንስኤን ማንበብ አለመቻሉ ነው። ራሳቸውን የሚጠይቁ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት ቢኖራቸው፣ ይህ የአጠናኑ ፍሬ ነው፣ ወይስ ጎበዝ ተማሪዎች ቀድሞውንም ይህን ልማድ ይመርጣሉ፣ ወይስ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠይቃቸው ታላቅ ወንድም ወይም እናት ስላላቸው ነው? ሌላ ምሳሌ እንይ። አስጠኚ ያላቸው ተማሪዎች ውጤት አስጠኚ ከሌላቸው ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ ማስጠናት ይጎዳል ማለት አይደለም፤ ብዙ ወላጆች አስጠኚ የሚፈልጉት የልጃቸው ውጤት ከወረደ በኋላ ነውና። መንስኤን መለየት ስንፈልግ አንዱን ነገር ራሳችን ለውጠን የቀረውን ሁሉ እኩል የምናደርግበት ስልት ያስፈልገናል፤ እርሱም ሙከራ ነው።

ተሳታፊዎችን በዕጣ መደልደል

በብዙ መመሪያዎች ይህ ክፍል በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። የጥናቱ ልብ ግን እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህም ቀስ ብዬ አስረዳለሁ።

40 ፈቃደኛ ተማሪዎች አግኝታችኋል እንበል። ለሁለት መክፈል አለባችሁ። የመጀመሪያው የሚመጣው ሐሳብ አንዱን ሴክሽን ደጋግሞ አንባቢ፣ ሌላውን ሴክሽን ራሱን ፈታኝ ማድረግ ነው። ይህ አይሆንም። ሁለቱ ሴክሽኖች የተለያየ መምህር ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዱ የጠዋት ሌላው የከሰዓት ፈረቃ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪዎች በውጤታቸው የሚደለደሉበት ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ከመጀመሪያው የተሠራ ነው። ፊት የተቀመጡትን በአንድ በኩል፣ ኋላ የተቀመጡትን በሌላ በኩል ማድረግም ያው ነው፤ የት እንደሚቀመጡ የመረጡት ራሳቸው ናቸውና። «የፈለገ ይግባ» ማለት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

መፍትሔው ዕጣ ነው። በ20 ወረቀት ላይ «ሀ»፣ በ20 ወረቀት ላይ «ለ» ጽፋችሁ በአንድ ዓይነት አጣጥፋችሁ ከባርኔጣ ወይም ከካርቶን ውስጥ እያንዳንዱ ተሳታፊ ያንሣ። ዕጣ ጎበዙንና ደካማውን፣ እንቅልፍ ያጣውንና የተኛውን፣ ንባብ የሚወደውንና የማይወደውን ሳያይ ይበትናል። ያሰባችሁበትን ልዩነት ብቻ ሳይሆን ያላሰባችሁበትንም ጭምር በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያካፍላል። ለምሳሌ ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ፣ አፋቸውን በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ የፈቱ ተማሪዎች ከሌሎቹ ሊቸገሩ ይችላሉ፤ ዕጣ እነርሱንም በሁለቱም ወገን ያሰፍራቸዋል። ከ40 ሰዎች ጋር ድልድሉ ፍጹም እኩል ይሆናል ማለት ግን አይደለም፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዕድል የሚጫወተው ሚና ይበልጣል። በስምንት ወይም በዐሥር ሰው ጥናት እንዳትሠሩ የምመክረው ለዚህ ነው።

በዕጣ መደልደልና በዕጣ ናሙና መምረጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም ልብ በሉ። የመጀመሪያው ሁለቱን ቡድኖች ያመሳስላል፤ ሁለተኛው ተሳታፊዎቹ መላውን ትምህርት ቤት እንዲወክሉ ያደርጋል። የናንተ ጥናት የመጀመሪያው ኖሮት ሁለተኛው ላይኖረው ይችላል፤ ከሆነ ሪፖርቱ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ጽሑፉ፣ ሰዓቱና እርማቱ

ከ200 እስከ 250 ቃላት ያለው፣ ከክፍሉ መማሪያ መጽሐፍም ሆነ ከቀጣዩ ፈተና ጋር የማይገናኝ ጽሑፍ አዘጋጁ። ሁሉም ተሳታፊዎች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት ይቀመጡ። በመጀመሪያዎቹ 7 ደቂቃዎች ሁሉም ያነባሉ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ የታጠፈ ወረቀት ይሰጠዋል፤ የ«ሀ» ወረቀት «ጽሑፉን ለተጨማሪ 7 ደቂቃ አንብብ» ይላል፤ የ«ለ» ወረቀት ደግሞ «ጽሑፉን ሳታይ የምታስታውሰውን ሁሉ ለ7 ደቂቃ ጻፍ» ይላል። ሁለቱም ቡድኖች በጠቅላላው 14 ደቂቃ ማግኘታቸው ወሳኝ ነው፤ አንዱ ቡድን ተጨማሪ ጊዜ ካገኘ የመጨረሻው ልዩነት ከአጠናኑ ይሁን ከጊዜው አይታወቅም። ከሳምንት በኋላ ሁሉም ያለ ጽሑፉ የሚያስታውሱትን ይጻፉ።

አሁን «ማስታወስ» የሚለው ነገር ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት። ጽሑፉን አስቀድማችሁ ወደ 30 ትናንሽ የሐሳብ ክፍሎች ከፋፍሉት። ጽሑፉ ውስጥ የሚከተለው ዐረፍተ ነገር አለ እንበል፦ «ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ሲሆን፣ በቡድን የሚኖር ቢሆንም አደን የሚወጣው ለብቻው ነው፤ ዋና ምግቡም እንደ ፍልፈል ያሉ አይጥ መሰል እንስሳት ናቸው።» እዚህ ውስጥ አምስት ሐሳቦች አሉ፦ በኢትዮጵያ ብቻ መገኘቱ፣ በደጋ መኖሩ፣ በቡድን መኖሩ፣ ለብቻው ማደኑ፣ አይጥ መሰል እንስሳትን መመገቡ። አንድ ተማሪ «ቀይ ቀበሮዎች ተሰብስበው አይጥ ያድናሉ» ብሎ ቢጽፍ ስንት ነጥብ ያገኛል? ምግቡን ስላስታወሰ አንድ ነጥብ ይገባዋል፤ ስለ አደኑ የጻፈው ግን ከጽሑፉ ጋር ይጋጫል፤ «ተሰብስበው» ያለው በቡድን መኖሩን ማስታወሱ ነው ወይስ አይደለም? እንዲህ ላለው ጉዳይ ውሳኔው እርማት ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መስፈር አለበት። በእርማት መሀል የሚወጣ ሕግ ሳይታወቅ ወደምንፈልገው ቡድን ያደላል።

አድልዎው ሆን ተብሎ ላይሆን ይችላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ቪልሄልም ፎን ኦስተን የተባለ ሰው ፈረሱ የሒሳብ ጥያቄን መሬቱን በኮቴው እየመታ እንደሚመልስ ከልቡ ያምን ነበር። ኦስካር ፕፉንግስት እ.ኤ.አ. በ1907 ባወጣው ምርመራ እንዳሳየው፣ ፈረሱ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው የሚያደርገውን ጥቃቅን የጭንቅላት እንቅስቃሴ አይቶ ነበር የሚያቆመው፤ ጠያቂው ራሱ መልሱን በማያውቅበት ጊዜ ፈረሱም አልመለሰም። በእናንተ ጥናት ከዚህ የሚወሰደው ጥንቃቄ ቀላል ነው፤ የመልስ ወረቀቱ ላይ ስምም ቡድንም አይጻፍ፣ ቁጥር ብቻ ይኑረው፤ ቡድኑን ከቁጥሩ ጋር የሚያገናኘውን ዝርዝር በእርማቱ የማይሳተፍ ሰው ይያዘው። ሁለት አራሚዎች እያንዳንዱን ወረቀት ለየብቻ ይረሙ። ከ30 ሐሳቦች በ27ቱ ላይ ከተስማሙ ስምምነታቸው 90 በመቶ ነው፤ ከዚህ በጣም ካነሰ የእርማቱ ሕግ ግልጽ አይደለምና እንደገና ይጻፍ። የመለኪያ አስተማማኝነት የሚባለው ይህ ነው። መለኪያው የፈለግነውን ነገር በእርግጥ ይለካል ወይ የሚለው ደግሞ የተገቢነት ጥያቄ ነው፤ ለምሳሌ የእጅ ጽሑፍ ፍጥነትን እንጂ ትውስታን እየለካን እንዳይሆን፣ ለመጻፊያ በቂ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል።

መጠይቅ የምትጨምሩ ከሆነ

ከሙከራው ጎን ስለ ጥናት ልማድ አጭር መጠይቅ መጨመር ይቻላል፤ የጥያቄው አጻጻፍ ግን መልሱን ሊፈጥረው እንደሚችል አትዘንጉ። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም ካዩ በኋላ ስለ ፍጥነቱ ተጠየቁ። መኪኖቹ «ተላትመው ሲሰባበሩ» በሚል አነጋገር የተጠየቁት በሰዓት ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲገምቱ፣ «ሲነካኩ» በሚል የተጠየቁት ወደ 51 ኪሎ ሜትር ገመቱ። በሌላ ሙከራ ደግሞ ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ኃይለኛው ቃል ከቀረበላቸው 50 ሰዎች 16ቱ፣ ለዘብተኛው «ሲጋጩ» ከቀረበላቸው 50 ሰዎች ደግሞ 7ቱ አይተናል አሉ፤ ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ስለዚህ «ደጋግሞ ማንበብ ጊዜ እንደሚያባክን ታውቃለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ባለፈው ሳምንት ስታጠና ያነበብከውን ሳታይ ለመድገም የሞከርክባቸው ቀናት ስንት ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲሁም ይሉኝታን አስቡበት፤ መምህሩ ፊት ቆሞ የሚሞላ መጠይቅ ላይ «በቀን ስንት ሰዓት ታጠናለህ?» ለሚለው እውነተኛ መልስ ማግኘት ይከብዳል።

ፈቃድና ጥንቃቄ

የሥነ ልቦና ታሪክ በዚህ ረገድ የሚያስከፉ ገጾች አሉት። ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት ጥናት አንድ ሕፃን ነጭ አይጥ ባየ ቁጥር በኃይለኛ ድምፅ እያስደነገጡ ፍርሃት አስተማሩት፤ ፍርሃቱን ሳያስለቅቁትም ተለያዩ። ስታንሊ ሚልግራም በዬል ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ሙከራ ከ40 ወንዶች 26ቱ በአጥኚው ትእዛዝ ሌላን ሰው እስከ 450 ቮልት በኤሌክትሪክ እንደሚቀጡ እያመኑ ቀጠሉ፤ ኤሌክትሪኩ የውሸት ቢሆንም የተሳታፊዎቹ ጭንቀት እውነተኛ ነበር። ዛሬ ምርምር በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የሚካሄደው እንዲህ ያሉ ሥራዎች ባስነሡት ጥያቄም ጭምር ነው።

በትምህርት ቤት ደረጃ ከርእሰ መምህሩና ከመምህራችሁ ፈቃድ ውሰዱ፤ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ተሳታፊዎች የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል። ተማሪው ራሱም እሺ ማለት አለበት፤ እዚህም ላይ ይሉኝታ ዋና ጉዳይ ነው። ጓደኛ ወይም መምህር በሰው ፊት ሲጠይቀው እንቢ ለማለት የሚደፍር ተማሪ ጥቂት ነውና፣ ፈቃደኛነቱን በቤቱ አስቦበት በወረቀት እንዲመልስ አድርጉ፤ በመሀል ማቋረጥ እንደሚችልና ይህም ውጤቱን እንደማይነካ ንገሩት። ስለ ድብርት፣ ስለ ቤተሰብ ችግር፣ ስለ ጥቃት የሚጠይቅ ጥናት በራሳችሁ አትጀምሩ፤ የተነካ ቁስልን ለማከም የሚያስችል ሥልጠና የላችሁም። ከሳምንት በኋላ ፈተና እንዳለ አስቀድማችሁ ከተናገራችሁ ተሳታፊዎች መሀል ላይ ሊያጠኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ «ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ አለ» ብቻ ማለት ይበቃል። የደበቃችሁትን ግን ሲያልቅ ሙሉ በሙሉ አስረዱ።

ቁጥሮቹን ማንበብ

አማካይ ብቻውን አይበቃም። የ«ሀ» ቡድን አምስት ተማሪዎች 8፣ 9፣ 10፣ 10 እና 23፣ የ«ለ» ቡድን አምስት ተማሪዎች ደግሞ 10፣ 11፣ 12፣ 13 እና 14 አገኙ እንበል። የሁለቱም አማካይ 12 ነው። ይሁን እንጂ በ«ሀ» ቡድን ውስጥ 12 የደረሰው አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ እርሱም ብቻውን አማካዩን ወደ ላይ ስቦታል። በቅደም ተከተል መካከል ላይ የሚገኘውን ቁጥር ስታዩ በ«ሀ» 10፣ በ«ለ» 12 ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ እያንዳንዱን ውጤት በነጥብ በሚያሳይ ሥዕል ጀምሩ፤ ከዚያ አማካዩን፣ የመካከለኛውን ቁጥርና ትንሹንና ትልቁን ውጤት ጻፉ።

ልዩነት ካገኛችሁ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ «ይህን ያህል ልዩነት በዕድል ብቻ ሊመጣ ይችል ነበር ወይ?» የሚል ነው። ያለ ኮምፒዩተር መመለስ ይቻላል። የ40ውን ተማሪ ውጤት በ40 ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ቡድኑን ሳታዩ በውዙ፣ ሃያ ሃያ አድርጋችሁ ከፍሉና የሁለቱን አማካይ ልዩነት መዝግቡ። ይህን መቶ ጊዜ ድገሙት፤ ዐሥር ሆናችሁ ብትካፈሉት ለእያንዳንዳችሁ ዐሥር ዐሥር ጊዜ ማለት ነው። እውነተኛው ልዩነታችሁ 3 ነጥብ ከነበረና ከመቶው በውዛ 3 ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት የመጣው፣ በየትኛውም ቡድን አቅጣጫ፣ ሁለቴ ብቻ ከሆነ፣ ዕድል ብቻውን ጥሩ ማብራሪያ አይደለም። 30 ጊዜ ከመጣ ግን ልዩነት አገኘን ማለት አትችሉም። በሥነ ልቦና የተለመደው መቁረጫ ከመቶ 5 ነው፤ ይህም ስምምነት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

ሪፖርቱ

ሪፖርቱ ሌላ ተማሪ አንብቦ ጥናቱን እንዳለ መድገም እስኪችል ድረስ ዝርዝር መሆን አለበት፤ ጽሑፉ፣ የ30ዎቹ ሐሳቦች ዝርዝር፣ የእርማቱ ሕግ፣ የዕጣው አወጣጥና የደቂቃዎቹ ብዛት ሁሉ ይግባበት። ከሳምንት በኋላ የቀሩ ተማሪዎች ካሉ ከየትኛው ቡድን ስንት እንደቀሩ ጻፉ፤ ከ«ለ» የቀሩት ደካሞቹ ብቻ ቢሆኑ የቡድኑ አማካይ ያለ ሥራው ይጨምራልና። መላምታችሁ ካልተደገፈም ውጤቱን በዚያው ዝርዝር አቅርቡ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አንድ ሰፊ የትብብር ሥራ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶች ሲደገሙ፣ ከዕድል ያለፈ ልዩነት በድጋሚ የታየው በ36 በመቶው ብቻ ነበር፤ ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ያልሠመሩ ውጤቶች ሳይታተሙ መቅረታቸው ነው።

ጄፍሪ አርኔት እ.ኤ.አ. በ2008 ስድስት ታዋቂ የአሜሪካ መጽሔቶችን መርምሮ 96 በመቶ የሚሆኑት ተሳታፊዎች በኢንዱስትሪ ከበለጸጉ የምዕራቡ ዓለም አገሮች የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል፤ እነዚህ አገሮች የያዙት የዓለም ሕዝብ ግን 12 በመቶውን ነው። ስለዚህ በሪፖርቱ የውይይት ክፍል ውጤታችሁን ከሮዲገርና ከካርፒክ ጥናት ጋር ስታስተያዩ፣ የቀረበ ወይም የራቀ ሆኖ ከተገኘ በዕድሜ፣ በቋንቋና በአጠናን ልማድ ያሉትን ልዩነቶች አንድ በአንድ ዘርዝሩ፤ ከመካከላቸውም በሚቀጥለው ሴሚስተር ልትፈትሹት የምትችሉትን አንዱን መርጣችሁ በአዲስ ጥያቄ መልክ ጻፉት።